ሳትመቱ አትርገጡ

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ኦሪን እስካሁን ከበረዶው ሥር ነው።

ውድ ማርሊስ፣

አርዲስ ደውላ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። የነገረችሽ እኔ የነገርኳትን ነው። ባሏ ኦሪን በገዛ ግትርነቱ እንደሞተ፣ እኔም ላድነው ሞክሬ እንዳልቻልኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። የቀረውን ከታች ታገኚዋለሽ።

እኔ ደህና ነኝ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል፤ ሐኪሙ አይቆረጡም ብሏል። ምድጃው ይሠራል። ድመቷ አርጅታለች፣ ካንቺ ወንበር አልወርድም ብላ ነው የምትውለው። አንቺ እንዴት ነሽ? አሪዞና በዚህ ወር ሰው በአጭር እጅጌ ይወጣል አሉ። ኦሪን ነው የነገረኝ። «አሁን ገባኝ ለምን እንዳልተመለሰች። የብርዱ ነገር ነው፣ አንተ እንኳን ያን ያህል አታስጠላም» ብሎ ስቆብኝ ነበር።

የምጽፈው ፒካፑ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ወደ ሐይቁ በሚወረድበት ቦታ፣ ከኦሪን ሰሌዳ ፊት ለፊት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እስክሪብቶው እየበረደው እንቢ ሲለኝ ማሞቂያው ላይ ይዤው ደግሞ እቀጥላለሁ። ጭኔ ላይ ካቻቢቴ አለ። አርዲስ ልካኝ ነው፤ ለምን እንደላከችኝ እደርስበታለሁ።

ሰሌዳውን ታስታውሺዋለሽ። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው፣ በአራት ብሎን ከምሰሶው ላይ የታሰረ። ኦሪን ሠላሳ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ፣ በረዶውን አራት ቦታ በስቶ ይለካና ውፍረቱን ይጽፍበታል። ማንም አላዘዘውም። ሰው ግን ሰሌዳውን ሳያይ መኪናውን በረዶ ላይ አይነዳም ነበር። የልጅ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሁሉ ያቆምና ያነባል። «ኦሪን አሥራ አራት ኢንች ካለ አሥራ አራት ነው» ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ መግቢያ የገባ አንድም ሰው አልሰጠመም። ኦሪን በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነበር። ሌላ ነገር ሲኮራበት አልሰማሁም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አብሬው ነበርኩ። በየማለዳው ደጄ ላይ መጥቶ የመኪናውን ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ይነፋል። ካልወጣሁ በሩን ከፍቶ ይገባል።

«ተነሣ አንተ! ዓሣው ቁርሱን በልቶ ሊነሣ ነው።»

ከዚያ ሁለት ባልዲ ገልብጠን፣ ጀርባችንን ለነፋሱ ሰጥተን፣ በረዶው ላይ በበሳነው ቀዳዳ አቀርቅረን እንውላለን። የምናወጣቸው እነዚያኑ መዳፍ የሚያክሉ የመጥበሻ ዓሦች ናቸው። አሥራ አምስቱ ተጠብሰው አንድ ሰው አያጠግቡም። የመንጠቆ ትሎቹ በብርዱ እንዳይደርቁበት ከታች ከንፈሩ ሥር ይወትፋቸዋል፤ አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አፉ ትል ሞልቶ ስለ ሚስት አያያዝ ይመክረኛል። «ደውልላት። የምትለው ከጠፋህ ስለ አየሩ አውራ።» ነገ እደውላለሁ እለዋለሁ።

አንድ ሕግ ነበረን። ትናንት ትንሽ ያወጣ ሰው ዛሬ ከፊት ይሄዳል፤ ዲጂኖውን ይዞ፣ በየሁለት እርምጃው በረዶውን እየመታ። ዲጂኖው ዘልቆ ከገባ መመለስ ነው፣ ክርክር የለም። ሌላው ዕቃ የጫነውን ሸርተቴ እየጎተተ ሃያ እርምጃ ርቆ ይከተላል። አንዱ ቢገባ ሌላው ገመድ እንዲወረውር ነው።

ዓርብ ዕለት እሱ አሥራ አራት አወጣ፣ እኔ ዘጠኝ።

«ነገ መቺው አንተ ነህ። ቁርስህን በደንብ ብላ» አለኝ።

ሲመሽ ዕቃ ሰብስበን ተነሣን። ዲጂኖውን ቀዳዳው አጠገብ በረዶ ላይ እንደተከልኩት ረሳሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ብርዱ ፊቴን ይልጠው ነበር። ነገ አነሣዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ያችን «ነገ» ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም።

ሌሊቱን ክንድ የሚሞላ አመዳይ ወረደ። አመዳይ ለሐይቁ በረዶ ብርድ ልብስ ነው፤ ከላይ ብርዱን ይከለክለዋል፣ ከሥር ወንዙ ይበላዋል። ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ደግሞ ይብሳል። ይህን እዚህ አገር የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ስንደርስ ኦሪን መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው ሄደ። የባለፈውን ሳምንት ቁጥር በእጅጌው ጠረገና በማርከር ጻፈ፦

አዲስ አመዳይ ወርዷል። ሳትመቱ አትርገጡ። ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ። ኦ.

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዲጂኖው የታለ?»

«እዚያ።»

«የት እዚያ?»

«ትናንት የነበርንበት። ቀዳዳው አጠገብ ቆሟል።»

ወደ ሐይቁ አየና «ጎሽ! ሌባ እንዳይደክም አስበህለት ነው» አለ።

«ረሳሁት እኮ ነው።»

«እሺ በቃ፣ ቤት ሄጄ የኔን ላምጣ። ሃያ ደቂቃ ነው።»

«በሃያ ደቂቃ ዓሣው መብላቱን ያቆማል።»

«የት እንዳይሄድ? ዓሣው ክዳን ተደፍቶበታል እኮ!»

«በትናንቱ ዱካ እንሂድ» አልኩት። «ትናንት ሁለታችንንም ችሎናል። ሳምንቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነበር። ትናንት የቻለ ዛሬም ይችላል።»

«የቱ ዱካ? ይታይሃል? እኔ አይታየኝም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«እስቲ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንብብልኝ።»

«ያን የምትጽፈው ለከተማ ሰዎች ነው።»

ሳቀ። ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

«አንተ ዲጂኖህን አምጣ፣ አሮጊት። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። እኔ እንደሆንኩ ማታ የሚጠብቀኝ የለ።»

የሸርተቴውን ገመድ አንሥቼ ወደ በረዶው ወረድኩ። ወደ ኋላ አላየሁም።

ያን ጠዋት በረዶው ይችለኝ አይችለኝ እንደሆነ አላሰብኩም ማርሊስ። ኦሪን ግን አስቦ ኖሯል። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ እያለከለከ ሲመጣ ሰማሁት።

«ቁም! ቁም አንተ በሬ!» ደረሰብኝና አልፎኝ ሄዶ ፊቴ ቆመ። «ወደ ኋላ ቅር። ከኔ በሃያ ኪሎ ትበልጣለህ። ሃያ እርምጃ ራቅ፣ ገመዱን ያዝ።»

«ተራው የኔ ነው።»

«ተራህን ከዲጂኖህ ጋር ረሳኸው።»

ሄደ። ዲጂኖ ስለሌለው በተረከዙ ነበር የሚመታው፤ አንዴ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ይራመዳል። ሁለቱ ሹል ችንካሮች አንገቱ ላይ ተንጠልጥለዋል። በረዶ ሲከዳ ጠርዙን ወግተን የምንወጣባቸው ናቸው። የኔዎቹ የት እንደነበሩ አላውቅም። ከኋላ ሆኜ መንገዱን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ዱካውን አውቀዋለሁ ብያለኋ። ሁሉም ነገር ነጭ ነው፣ ምንም ምልክት የለውም። «ወደ ግራ» እለዋለሁ፣ ወደ ግራ ይላል። ግራው የወንዙ በኩል ነው። ያኔ አልታየኝም። አሁን ከዚህ ከፒካፑ ውስጥ ሆኜ ሳየው ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩትም ይህንኑ ነው። «ትንሽ ወደ ግራ።»

የረባ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። እርጥብ ካርቶን ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነው። ኦሪን እስከ ደረቱ ገባ። ኮፍያው በረዶው ላይ ቀረ። አልጮኸም። ችንካሮቹን አውጥቶ ጠርዙን ወጋና እስከ ወገቡ ወጣ፤ ጠርዙ ተሰበረ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ተሰበረ። በሆዴ ተኝቼ ገመዱን ወረወርኩለት። በሁለተኛው ውርወራ ደረሰው፣ የእጁ አንጓ ላይ ጠመጠመው። ሳብኩ። እሱ ወደ እኔ በመምጣት ፈንታ እኔ ወደ እሱ ተንሸራተትኩ። እግሬን የማሳርፍበት ነገር አልነበረም። ዲጂኖው ቢኖረኝ በረዶው ላይ ተክዬ ገመዱን አስርበት ነበር። ከዚያ በኋላ የሌሎች ሰዎች እጅ እስኪደርስ መጠበቅ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ነበር።

ክርኔ ውኃ ነካ። ከሥሬ በረዶው ሲላላ ተሰማኝ። ኦሪንም አየው።

«ዌንደል፣ ተመለስ።»

«ያዝ! ዝም ብለህ ያዝ!»

«ተመለስ እኮ ነው የምልህ። አንተን ደግሞ ማን ያወጣሃል?»

ገመዱን ከአንጓው ላይ ሲፈታ አየሁት። ጣቶቹ አልታዘዙለትም፤ በጥርሱ ነው የፈታው።

ሁለቱ ሰዎች ደርሰው በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ገመዱ ባዶውን ተከተለኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አምቡላንሱ ውስጥ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሳለሁ የሸሪፉ ምክትል መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ኦሪንን በሰሌዳው ነው የሚያውቀው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ሳትመቱ ለምን ገባችሁ? ማነው እንሂድ ያለው?»

«ኦሪን ነው» አልኩት። «በትናንቱ ዱካ እንሂድ አለ።»

ጻፈው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልጎረበጠኝም፣ የተባለ ነገር ነውና። የተለወጠው የተናገረው ሰው ብቻ ነው።

ወሬው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ከተማውን አዳርሶ ነበር። ፓስተሩ ስለ ጥንቃቄ ሰበኩ፤ ስሙን አላነሡም፣ ሁሉም ግን ገብቶታል። ትል ከምንገዛበት ሱቅ ስገባ ሦስት ሰዎች ቆመው ያወራሉ።

«ለሰው ጽፎ ለራሱ አላነበበውም።»

«በስተርጅና ልብ ያብጣል።»

«የሠላሳ ዓመቱም ቁጥር እንዲሁ በግምት ነበር ማለት ነው።»

እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትል ሳልገዛ ወጣሁ፤ ምን ልገዛ እንደገባሁም አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ፣ ከኦሪን ጽሑፍ ሥር፣ አንድ ሰው በቀይ ማርከር «አንተስ?» ብሎ ጽፎበት አገኘሁ። አስከሬኑን የሚፈልጉትን ጠላቂዎች ልታይ የመጣችው አርዲስም አየችው። ቆማ አነበበችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

አላለቀሰችም። እስካሁንም አላለቀሰችም። ትናንት ቤቴ መጣች፤ በአንድ እጇ በኦቭን የተጋገረ ድንችና ሥጋ፣ በሌላው ዲጂኖውን ይዛ። ጠላቂዎቹ ናቸው ከቀዳዳው አጠገብ ነቅለው የሰጧት። የኦሪን መስሏት ነው።

«ይሄንንም ረስቶት ነው የሄደው። ቤቴ ውስጥ ማየት አልፈልግም። አንተ ጋ ይቀመጥ» አለችና በሩ ጥግ አስደገፈችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ሲጠብቅ ኖረ። ኖረ ኖረና ለመጥበሻ ዓሣ ሞተ። አላለቅስለትም ዌንደል። አልቻልኩም። በለቅሶው ምትክ እየተናደድኩበት ነው የምውለው።»

ሻይ ልጣድ ወይ አልኳት።

የጠቆሩትን ጣቶቼን ይዛ አየቻቸው።

«አንተ እንኳን ተረፍክ። ለምን አላስቆምከውም? አንተን እኮ ይሰማህ ነበር።»

«ሞክሬ ነበር» አልኳት።

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ያስፈራኝ እሱ ነው። ሦስተኛው እንዴት እንደሚቀል አስቢው።

ዛሬ ጠዋት ደወለች። «ያንን ሰሌዳ ንቀልና አምጣልኝ። ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። እሱን ከውኃው ሳያወጡት፣ ዛሬውኑ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለዚህ ነው እዚህ ያለሁት።

ሁለቱን የላይኛ ብሎኖች ፈታኋቸው። ሦስተኛው ዝጓል፣ ካቻቢቴው ይንሸራተታል። ሰሌዳው ወደ ፊት አዘንብሏል። የኦሪን ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ፊደሎቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ቀጥ ብለው የቆሙ። ቀዩን ጽሑፍ በካቻቢቴው ጫፍ ፋቅሁት። ከዚያ ፒካፑ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና ወረቀት ፈለግሁ። ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁት ይሄ ያንቺ የድሮ የገበያ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ አምፖል» ይላል፣ በጽሕፈትሽ።

ጠላቂዎቹ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ከዚህ ይታዩኛል፤ ብርቱካናማው ድንኳናቸው ወደ ምሥራቅ ሄዷል፣ ወንዙ ወደሚገፋው በኩል። ነገ የበረዶ ማዕበል ስለሚመጣ ዛሬ ካላገኙት ሥራው እስከ በረዶው መቅለጥ ይቆማል። ይህ ማለት አርዲስ እስከ ኤፕሪል ድረስ በቤቷ ተቀምጣ እሱን እየተቆጣች ትከርማለች። ለእኔ ደግሞ ድንች ታመጣልኛለች። ያንን እየበላሁ እስከ ኤፕሪል እንዴት እደርሳለሁ?

ሌሊት ሌሊት ሌላም ነገር አስቤ ነበር። ድንኳኑ ሲነሣ ዱካውን ይዤ ወደዚያው መሄድ። ኦሪን ግን ገመዱን በጥርሱ የፈታው ለዚያ አልነበረም። ይሄን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ትቼዋለሁ፣ አንብቢው።

እውነቱን ብናገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አርዲስ ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም። ልጆቿም አያዩኝም። ከተማው ትንሽ ነው፤ የማልገባባቸው ሱቆች ይበዛሉ። ኦሪን ግን ስሙ ይመለስለታል። እሷም ባሏን ታለቅስለታለች። ሌላ የምመልስላት ነገር የለኝም።

ይህን ያህል ጽፌ ወረቀቱን ልጠቀልል ስል የአርዲስ መኪና መጣ። ሳልቆይባት አልቀረሁም። ከምሰሶው ወዲያ ማዶ አቆመች። ወርዳለች። መዶሻ ይዛለች፣ ያንን ሚስማር የሚነቅለውን። እኔን አላየችኝም።

ያ ወጣት የሸሪፉ ምክትልም ቡና ይዞ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል። መልካም፤ ሁለቱ ባሉበት አንድ ጊዜ ብቻ እናገረዋለሁ። ሁለት ጊዜ ለመናገር አቅም ያለኝ አይመስለኝም።

አድራሻሽን ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ። ማርሊስ፣ እባክሽ ዛሬ ማታ ለአርዲስ ደውዪላት። ብቻዋን ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ለሷ ሰው አይደለሁም። የምትያት ከጠፋሽ ስለ አየሩ አውሪያት። እህትሽን ሰላም በይልኝ። በሄድሽበት ሁሉ እግርሽ ጠንካራ ነገር ይርገጥ።

ዌንደል

ዲጂኖውን ይዣለሁ። ካቻቢቴው እዚህ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። መዶሻዋን አነሣች። ወረድኩ።